በደብተሬ መካከል ያኖርኳት ምስር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እናቴ አበበች፣ «መንበረ ጠበል ቢሰጧት እንኳ አሽትታ ነው የምትጠጣው» እያለች ጎረቤት ታስቅብኝ ነበር። ስለዚህ እህት እመቤት ያን ሰማያዊ ደብተር ስትሰጠኝ መጀመሪያ ያገላበጥኩት የማን ማኅተም አለበት ብዬ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የ2019 መስከረም ነበር። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን። እመቤት አገሯ ነርስ ነበረች፤ እዚህ ግን እንደኛው ወለል ትወለውላለች። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጨጓራው፣ ያለምክንያት ማልቀሱ ሲበዛብን ጊዜ ለሃያ ሴት ሃያ ደብተር ገዝታ መጣች።

«በቀን ሩብ ሰዓት ጻፉ» አለችን። «ፊደል ብትስቱ የሚያርማችሁ የለም። ለማንም አታሳዩ። ሆዳችሁ ውስጥ የሚቃጠለውን አውጥታችሁ ወረቀቱ ላይ ጣሉት። በተለይ ደግሞ ለመጻፍ የምትፈሩትን ነገር ጻፉ። መድኃኒቱ እሱ ነው።»

እጄን አወጣሁ። «ሲያልቅስ ማን ይሰበስበዋል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እመቤት ግን አልሳቀችም። «ማንም» አለችኝ። «ያንቺ ነው።»

ቢስቁም ምክንያት አለኝ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት መዝረዓ የሚባል ሰፈር ነበር። ከውዳሴ ማርያም ላይ የገለበጥኩትን ጸሎት አጥፌ ትራሴ ሥር አስቀምጬ ነበር። የዚያ ቤት ማዳም አገኘችው። ፊደሉን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ «ሲሕር!» ብላ ጮኸች፤ ድግምት አሠራችብኝ ማለቷ ነው። ያስመጣኝን ደላላ ጠራችና ጸሎቴን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አቃጠሉት። እኔንም በሳምንቱ ለሌላ ሰው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜን እንኳ ወረቀት ላይ ጽፌ አልተውም ነበር።

የተሰጠሁበት ቤት ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ማዳም ጆርጄት ትባላለች፤ ፈረንሳይኛ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ክፉ አይደለችም። «ሲልቩፕሌ»፣ እባክሽ፣ ሳትል ውሃ እንኳ አትጠይቅም። ቢሆንም ክፉ ያልሆነ ሰው ክፉ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ልማዴ ነው።

እሷ ምሳ በልታ ስትተኛ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሌ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ዘርግቼ እጽፍ ጀመር። መጀመሪያ የወጣኝ ስድብ ነው። የደላላውን ሰባት ትውልድ ሰደብኩ። ቀጥዬ ማዳሜን፤ ስታኝክ የምታሰማውን ድምፅ፣ የወለወልኩትን መስታወት በጣቷ እየነካች «እዚህ ጋ ቀርቷል» ማለቷን። ስድቡ ሲያልቅብኝ ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ። ከደብረ ታቦር የወጣሁ ለት እናቴ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ልሸኝሽ ብላኝ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት፣ «ይበርድሻል፣ ተኚ» ብዬ ከለከልኳት። ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት ወጣሁ። ይህን ስጽፍ የእጄ ላብ ወረቀቱን አበሰበሰው።

ሳምንት ሳይሞላ ጨጓራዬ ዝም አለ፤ እንቅልፍም ይወስደኝ ጀመር። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ጠረጠርኩ። እንዲህ በነፃ የሚያሽር መድኃኒት የት አለ?

ስለዚህ ደብተሩን ባዶ የዱቄት ሳሙና ካርቶን ውስጥ ደበቅኩት። መጨረሻ በጻፍኩበት ገጽ መካከልም አንዲት ፍሬ ምስር አኖርኩ። ደብተሩን የከፈተ ሰው ካለ ምስሯ ትወድቃለች፤ ለምን እንደተቀመጠች የማያውቅ ሰው ደግሞ አንስቶ አይመልሳትም።

ጥቅምት ላይ ተውራው፣ የሕዝቡ አመፅ፣ ተነሳ። ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የእሑዱ ስብሰባም አንድ ቀን ሲኖር ሦስት ቀን የሚቀር ሆነ። የሐበሻ ሰው በየቀኑ የማገኘው ሙናን ብቻ ነበር። ሙና የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ እኛው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ደረጃ ላይ ተገናኝተን ሳንሳሳቅ አንለያይም። ስልኬ የተበላሸ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ከቤተሰቤ ጋር የተነጋገርኩት በእሷ ስልክ ነው። እምነት የሚባል ነገር ካለኝ እሷ ላይ ነበር።

የካቲት ሲገባ እናቴ ከስልክ ጠፋች።

እናቴ የራሷ ስልክ የላትም፤ ለወንድሜ ለጌጡ ስደውል ነው የሚያቀብላት። «ጠበል ሄዳለች» አለኝ፤ የቦታውንም ስም ነገረኝ። ለጉልበቷ ይሆናል ብዬ አመንኩት። በሳምንቱ ስደውል አሁንም ጠበል ናት። በሦስተኛው ሳምንት፣ «እዚያ ኔትወርክ የለም እኮ» አለኝ።

«የትኛው ጠበል ነው?»

የአንድ ቦታ ስም ጠራ።

«ባለፈው ሌላ ነበር ያልከኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የጌጡን ሳቅ አውቀዋለሁ። ያ የእሱ ሳቅ አልነበረም።

ስልኩን ዘግቼ ደብተሬን አወጣሁ። ሚስቱ አስቸግራው እናቴን ከቤት አስወጥቷት ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ታማ ደብቆኝ ይሆናል። ተቀይማኝ፣ «ስልኩን አልይዝም» ብላ ይሆናል፤ እንዳትሸኘኝ ስለከለከልኳት። ሦስት ገጽ ሙሉ በ«ይሆናል» ሞላሁ። አንዱን «ይሆናል» ብቻ አልጻፍኩትም። እስክሪብቶዬ እዚያ ጋ ሲደርስ እየቆመ አስቸገረኝ፤ ተውኩት።

መጋቢት ላይ ኮሮናው መጣና ሁሉም ቤቱን ዘጋ። ማዳሜም ያኔ ተለወጠች። መጀመሪያ የበረንዳውን በር ቆለፈች። ልብስ ሳሰጣበት የኖርኩት በረንዳ ነው። ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው መስቀል ጋር አንጠለጠለችው፤ ልብስ ለማስጣት ስወጣ ከፍታልኝ እስክጨርስ አጠገቤ ትቆማለች። ቀጥሎ ቢላዋዎቹንና በረኪናውን ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ዘጋችባቸው።

«ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ለጽዳት» አለችኝ። ለጽዳት ተብሎ በረኪና የሚቆለፍበት አገር አላየሁም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ደግነቷ ነው። «ተቀመጪ ሀቢብቲ፣ ነገ ትሠሪዋለሽ» ትላለች። ትራሴ ላይ ቸኮላት አገኛለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «እናትሽ ምን ትመስላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አብረን ስንኖር ስለ እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ሰው ትመስላለች» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህቺ ሴትዮ ምን ልታደርገኝ ነው አልኩ በልቤ። ለበዓል የተገዛ በግ እንዴት እንደሚቀለብ አይቻለሁ። ደግሞ የአገሩ ገንዘብ ስለወደቀ ሠራተኛውን ከነሻንጣው ደጅ ላይ ጥሎ የሚሄድ አሠሪ እንዳለ ወሬው ደርሶናል።

አንድ ከሰዓት ለኹብዝና ለበቅዱነስ ወደ ዱካን ላከችኝ። ሱቁ እዚያው ከሕንጻው ሥር ነው፤ ነገር ግን ሰው ተራርቆ ስለሚሰለፍ ዳቦና ቅጠል ለመግዛት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስመለስ ካርቶኑን ከፈትኩ። ደብተሩ በቦታው አለ። ምስሯ ግን ከካርቶኑ ታች፣ ከሳሙናው ብናኝ ጋር ተኝታለች።

እየገለጥኩ አየሁ። ከ«ይሆናል» ገጾቹ በአንዱ ላይ ቀለሙ ተሰራጭቷል፤ ጠብ ያለ ውሃ ደርቆበታል። ማዳሜ እጇን ሳታደርቅ ነክታው ነው አልኩ። ቆይቼ ግን አሰብኩ፤ ማዳሜ አማርኛ አታነብም። የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል። በዚህ ሕንጻ ውስጥ ሀ ሁ የቆጠረ ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሙናን ደረጃ ላይ ጠበቅኳት።

«ምነው ሙኒዬ፣ ጠፋሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ፤ እኔ ግን ደህና ነሽ ወይ አላልኳትም። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። «ያኒ፣ ማለቴ፣ አሮጊቷ ብቻዋን ናት፣ ልሂድ» ብላ ወደ ላይ ሮጠች።

ሌላ ቀን ቆሻሻ ጥዬ ስመለስ ሙናና ማዳሜ በራችን ላይ ቆመው ያንሾካሽካሉ። ማዳሜ በአረብኛ፣ «እስከ መቼ?» ስትላት ሰማሁ። ሙና፣ «ትንሽ ታገሺ፣ እኛ ጋ እንደዚህ አይደረግም» አለቻት። ሲያዩኝ ተለያዩ፤ ሙናም ሳትሰናበተኝ ወደ ላይ ወጣች።

እስከ መቼ ምን? እስከ መቼ ላቆያት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ደብተሩ ውስጥ ማዳሜን የሰደብኩት ሁሉ አለ። ካልሆነልኝ ጠፍቼ ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ ብዬ የጻፍኩትም አለ። ፓስፖርቴ ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ አየር ማረፊያው ዝግ ነው። ደጅ ላይ ብትጥለኝ ስልኬን የምሰካበት ግድግዳ እንኳ አይኖረኝም፤ እናቴን ታዲያ በምን እፈልጋታለሁ? ያናደደኝ ግን ማዳሜ አይደለችም። ሙና ናት። ስንት ቀን ከአንድ ሰሃን የበላን! በንዴት ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ልጽፈው ብዬ ደብተሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ያን ያህል ጊዜ ያሳረፈኝን ነገር ነው የነጠቁኝ። ጨጓራዬም መንደድ ጀመረ።

ላቃጥለው አሰብኩ። ግን ሌባ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ፣ ሌባ ያለው ሰው ነው የሚያፍረው።

ፋሲካ አለፈ። እናቴ ለፋሲካ ድምፄን ሳትሰማ አትፈስክም ነበር። ጌጡ ስልኩን አላነሳም። በማግሥቱ ሰኞ ማዳሜ እንደተኛች ደብተሩን ከፈትኩና ውሸት ጻፍኩ።

ምን ዓይነት ውሸት እንደሚሻል ብዙ አስቤበታለሁ። ልጠፋ ነው ብዬ ብጽፍ ፖሊስ ይጠሩብኛል። ማንንም የማይጎዳ ወሬ መሆን አለበት፤ ሙና አፏ ቢያመልጣት ከዚህ ደብተር በቀር ከየትም ልትሰማው የማትችለው። እንዲህ አልኩ፦

«ዛሬ እማዬ በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። ከጠበል ተመልሳለች። ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁት አለችኝ። ዶሮውን ያለ እኔ እንደበሉት ነገረችኝና ሳቀችብኝ። እንዳትሸኚኝ ስለከለከልኩሽ ተቀየምሽኝ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አንቺ ሞኝ፣ ከኋላሽ ተከትዬሽ መጥቼ እኮ ነበር፣ አውቶቡሱ እስኪሄድ ድረስ ከግንቡ ሥር ቆሜ አየሁሽ አለችኝ።»

ይህን የመጨረሻውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እጄ ነው የጻፈው። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ከየካቲት ወዲህ ልቤ እንደዚያ ቀን አርፎ አያውቅም። ከዚያ ምስሯን አስገባሁና ዘጋሁት። ማዳሜ ስትነሳ ራሴ፣ «ኹብዝ አልቋል፣ ልውረድ» አልኳት።

ሰልፉ ላይ ቆሜ ስዘጋጅ ነበር። ሙና ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ደረጃ ላይ፣ «እናትሽ ደህና ሆኑ?» ትለኛለች። ያኔ ሻርፗን ይዤ፣ «ከየት ሰማሽ?» እላታለሁ። ሕንጻው ሁሉ እስኪሰማ ነው የማዋርዳት። ቃሎቹን አንድ በአንድ መርጬ ጨርሻለሁ።

ነገ አላስፈለገም። ኹብዙን ይዤ ስገባ ሙና በባዶ እግሯ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች። ማስክ አላደረገችም፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ኹብዙን ከእጄ አስጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አልሐምዱሊላህ! መንበርዬ፣ እናትሽ ደወሉልሽ? አሉ? ውሸት ነበር ማለት ነው! እኔ እኮ ያኔም ልቤ አላመነም ነበር፣ ጌጡ ሲደውልልኝ… ወላሂ አላመነም ነበር!»

ያዝኩሽ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ወጥመዴ ሠርቶልኛል፣ ሌባዋ እጄ ውስጥ ናት። ግን ትስቃለች፤ እንባዋም አንገቴን አርሶታል።

«ምኑ ነው ውሸት የነበረው?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ከአንገቴ ወርዳ ፊቴን አየችው።

«አልደወሉልሽም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አልደወለችም። አንቺን ልይዝሽ ነው የጻፍኩት። ጌጡ ምን ብሎ ነው የደወለልሽ?»

ሙና ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ምን አፍ ነው የሰጠኸኝ ጌታዬ» አለች። ከዚያ ወደ መሬት እያየች ነገረችኝ። «የካቲት ላይ ነው። በድንገት ነው፣ አንድ ሌሊት ብቻ ታመው። ጌጡ አደራ አለኝ፤ ብቻዋን እንዳታረጂያት፣ ሰው ይሰብሰብ አለኝ። ለእህት እመቤት ነግሬያት እሑድ ሴቶቹ ባሉበት ልናረዳሽ ቀን ቆርጠን ነበር። ከዚያ ቤት ተዘጋ። ኸላስ፣ በቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል ስንል፣ ይከፈታል ስንል… ደረጃ ላይ አቁሜ ምን ልበልሽ? ፈቃድ እንድትሰጥሽ ብዬ ለማዳምሽ ነግሬያት ነበር። እሷ ደግሞ፣ ሰምታ እንደሆነ ከበረንዳ ትወረወራለች እያለች እንቅልፍ አጣች። ደብተርሽን አገኘችውና፣ አውቃ እንደሆነ እይልኝ አለችኝ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያው ለት አልቅሼ ነው የወጣሁት። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ ነው በር የሚያንኳኳው፤ የሚይዝሽ እጅ፣ አብሮሽ የሚጮኽ ጉሮሮ በሌለበት ማንም አያረዳሽም። እኔም በሙና ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ማዳሜን ጠረጠርኩ፣ ወንድሜን ጠረጠርኩ፣ እህት ያልኳትን ጠረጠርኩ፤ ያደግኩበትን ወግ ግን ሳልጠረጥር ቀረሁ። ወይም ጠርጥሬ ነበር፤ አልጽፍም ያልኩት እሱን ነው።

ማዳሜ በሩን ከፍታ ወጣች። ሁለታችንን ስታይ ገባት። «ሐራም፣ ሐራም»፣ ምስኪን ማለቷ ነው፣ እያለች እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ፤ ሙናም ተከተለችን።

እንባ እምቢ አለኝ። ሳሎኑ መሃል ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ነን፤ አንዷ አማርኛ አትሰማም። ስንት ሰው ሲሆን ነው ተሰበሰበ የሚባለው? ክፍሌ ገብቼ ደብተሩን አመጣሁና ለሙና ሰጠኋት። ምስሯ የት እንደወደቀች እንጃ።

«ተደብቀሽ አንብበሽው የለ? አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

«የቱን?»

«የዛሬውን።»

ሙና አነበበች። ጠበሉን አለፈችው፣ ጉልበቷን፣ ዳገቱን፣ ዶሮውን አለፈችው። «ከኋላሽ ተከትዬሽ መጥቼ እኮ ነበር» የሚለው ጋ ስትደርስ ከውስጤ የሆነ ነገር ተነቀለ። ጮኽኩ። አየር አጣሁ፤ ወደ በረንዳው ሮጬ በሩን ገፋሁት፣ ተቆልፏል፤ በመዳፌ መስታወቱን ደበደብኩት።

ማዳሜ ከአንገቷ ቁልፉን አወጣች። ቀዳዳውን ሁለቴ ሳተችው። ከዚያ ከፈተችልኝ፣ አብራኝም ወጥታ ከኋላዬ ወገቤን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ። ሙና በጎኔ ክንዴን ያዘች።

መንገዱ ባዶ ነበር፤ መኪና የለም፣ ጡሩምባ የለም። «እማዬን! እማዬን!» ያልኩት ከዳር እዳር ተሰማ። ከማዶው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሐበሻ ልጅ መጥረጊያ እንደያዘች ወጣች። ከእሷ በላይ ሌላ፣ ከጎኗ ሌላ። በስም አላውቃቸውም፤ ልብስ ስናሰጣ በሩቅ እጅ ከመነሳሳት በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ጩኸቱን ግን አወቁት። አንዷ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ደረቷን መምታት ጀመረች።

ባለመጥረጊያዋ የበረንዳውን ብረት ይዛ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «እህቴ!» አለችኝ። «እህቴ፣ ማን ነው የሞተብሽ?»

ሁለት ወር ያህል እስክሪብቶዬን ያስቆመኝን ቃል ከዚያ ከፍታ ላይ ጮኼ ነገርኳት። «እናቴ!» አልኳት። «እናቴ አበበች ሞተችብኝ!»

«ወይኔ አበበችን!» ብላ ተቀበለችኝ። ከላይም፣ ከጎንም፣ ከኋላው ሕንጻም ተቀበሉ። ማዳሜ ወገቤን አልለቀቀችም።